ፋይበሩ ሳይሰበር የተሳሳተ ሙቀት ያነባል፤ በቀለጠ ብረት ውስጥ በምን ልጠብቀው?

ምድጃ_ዳር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አረብ ብረት በኢንዳክሽን ምድጃ (በዙሪያው ባለ የኤሌክትሪክ ጥምጥም መስክ በሚያግል ምድጃ) በሚቀለጥበት ክፍል ነው። ሙቀቱን እስካሁን የምንለካው አንድ ጊዜ ተነክሮ በሚጣለው ቴርሞካፕል ነው። እሱን አምነዋለሁ፤ ነገር ግን የሚነግረኝ የነከርኩበትን ቅጽበት ብቻ ነው። በሁለት ንክሪያ መካከል ምድጃው ምን ሲያደርግ እንደቆየ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሳያቋርጥ የሚለካ ዳሳሽ ለመሥራት ተነሣሁ።

ያዘጋጀሁት እንዲህ ነው። እምብርቱ 62.5፣ ከነልባሱ 125 ማይክሮሜትር የሆነ ተራ የሲሊካ ፋይበር፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፍ የመስታወት ክር፣ ወሰድኩ። ከቅልጡ በላይ ባለው ክፍል በቀጭን የማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ በታች ራቁቱን ወርዶ፣ ጫፉ የተዘጋ የአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሴራሚክ) ቱቦ ወለል ይነካል። የጋለው ወለል የሚለቀውን ብርሃን ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያነበው በ1.55 ማይክሮሜትር የሚሠራ ተቀባይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ደቂቃዎች የሚያስደስቱ ነበሩ። ቴርሞካፕሉ 1621 ሲል የእኔው 1618 አለ። ከዚያ ቁልቁል ወረደ፤ 1610፣ 1597፣ 1574። ምድጃው የቀዘቀዘ መስሎን ኃይል ልንጨምር እጃችንን ዘርግተን ሳለ፣ ለማረጋገጥ ሌላ ቴርሞካፕል ነከርን። 1624 አለ።

አውጥቼ ሳየው የፋይበሩ ጫፍ ወተት መስሏል። በጥፍሬ ስነካው እንደ ደረቀ ኖራ ተፈረፈረ። የአሉሚናው ቱቦ ደግሞ ስላጉ (ከብረቱ የሚለየው ቅልጥ ቆሻሻ) ከሚንሳፈፍበት ከፍታ ላይ ዙሪያውን ተበልቶ ቀጥኗል፤ ስንጥቅም ከዚያው ጀምሮ ወደ ላይ ወጥቷል። የታችኛው ጫፍ ግን ምንም አልሆነም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ቱቦውን ላወፍረው ወይስ ሌላ ቁስ ልፈልግ?

ሞገድ_ቆጣሪ

ያጋጠሙህ ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው፤ ቱቦውን ብታወፍረው የመጀመሪያውን አይፈታልህም።

ሲሊካ መስታወት ነው፤ አተሞቹ ሥርዓት ይዘው ሳይደረደሩ የረጋ ነገር ማለት ነው። ከ1000 ዲግሪ በላይ ሲቆይ አተሞቹ መደርደር ይጀምራሉ፤ ክሪስቶባላይት ወደሚባል ክሪስታል ይለወጣል። ወተት የመሰለህ እሱ ነው። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ለውጡ ይፋጠናል፤ ከእጅ ላብ የሚገኘው ጨው ከነካው ደግሞ ይብሳል። ራቁት ፋይበር በባዶ እጅ የማይነካው፣ ከመግባቱ በፊትም በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ የሚጠረገው ለዚህ ነው። ከዚያ ሲቀዘቅዝ፣ ከ300 ዲግሪ በታች ሲደርስ፣ ክሪስታሉ መዋቅሩን ይቀይርና በድንገት ይኮማተራል፤ ይሰነጣጠቃል። በጥፍርህ የተፈረፈረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በአንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ የሚለካ መሣሪያ ብርሃን ሲቀንስበት "ቀዘቀዘ" ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሌላ የሚያውቀው ምክንያት የለውም። በ1600 ዲግሪ ግድም፣ በ1.55 ማይክሮሜትር፣ ብርሃኑ በ1 በመቶ ሲቀንስ ንባቡ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል። በ10 በመቶ ሲቀንስ 39 ዲግሪ ይወርዳል። አንተ ያየኸው የ50 ዲግሪ ልዩነት ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ብርሃን ጫፉ ላይ ጠፋ ማለት ነው። በ0.9 ማይክሮሜትር ብትለካ ኖሮ ያው 10 በመቶ ጉድለት የሚያሳስትህ 23 ዲግሪ ግድም ነበር።

የተሰበረ ፋይበር አያስፈራኝም፤ መሰበሩ ወዲያው ይታወቃል። የሚያስፈራኝ በመልካም ሁኔታ ላይ ያለ መስሎ እየወረደ የሚያነበው ነው፤ እሱን አምኖ ኃይል የሚጨምር ሰው ምድጃውን ከልክ በላይ ያግለዋል። ለመሆኑ ፋይበሩ የቱቦውን ወለል እንዲነካ ያደረግኸው ለምንድን ነው?

አሮጌው_ቀላጭ

ልጄ፣ ስለ ፋይበሩ ሞገድ_ቆጣሪ ይንገርህ። ቱቦ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ስለሆነ ስለሱ ልናገር።

ከታች ደህና ሆኖ በስላጉ መስመር ላይ የተበላ ቱቦ ስንቱን አይቻለሁ። የቀለጠው ብረት አሉሚናን ብዙም አይጎዳውም፤ ኖራና ሲሊካ ያለበት ስላግ ግን ያሟሟዋል። በዚያ ላይ የቅልጡ ከፍታ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ያንኑ አንድ ቀለበት አየር፣ ስላግና ብረት ይፈራረቁበታል። ስለዚህ ሙሉውን ቱቦ አታወፍር፤ ቀለበቱን አልብሰው። ብረት ሳይቋረጥ በሚፈስበት መስመር ላይ ቅልጡን ወደ ቅርጹ የሚያወርደው ቱቦ አካሉ አሉሚና ግራፋይት ሆኖ፣ በስላጉ መስመር ላይ ዚርኮኒያ ግራፋይት የሚለብሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ግራፋይቱ ስላግ እንዳይጣበቅበት ያደርጋል፤ ድንገተኛ ሙቀትም አይሰነጥቀውም። ጉዳቱ አየር ላይ መቃጠሉ ነውና ውጩ እንደ ሸክላ በመስታወትማ ቅብ ይሸፈን። ዝቅተኛ ካርቦን ያለው ብረት የምታቀልጥ ከሆነም ግራፋይቱ ካርቦኑን ወደ ቅልጡ እንደሚለቅ አትርሳ። ደግሞ ያንተ ምድጃ ኢንዳክሽን ነው። ግራፋይትም ብረትም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ በጥምጥሙ መካከል ያለው የቱቦህና የመያዣህ ክፍል በራሱ ሊግል ይችላል።

አሁን የምለውን ግን ከሁሉ አስቀድመው። እርጥበት ያለው ቱቦ ቅልጥ ውስጥ አይገባም። ውኃ እንፋሎት ሲሆን 1700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ ከቅልጡ በታች ሲሆን መውጫ የለውም። አንድ ሌሊት ግድግዳ ተደግፎ ያደረ ቱቦ ነበር። ላዩን ብትዳስሰው ደረቅ ነው፤ ውስጡ ግን እርጥበቱን ጠጥቶ አድሯል። ሦስት ሰከንድ እንኳ አልቆየም፤ ደረቅ ፍንዳታ ተሰማና ብረቱ እስከ ጣሪያው ተረጨ። ባልደረባዬ የፊት መከላከያውን አውርዶ ስለነበር ዓይኑ ተረፈ። በግራ ጓንቱ አንገት የገባችው አንዲት ጠብታ ግን ጠባሳዋ ዛሬም ከእጁ አንጓ ላይ አለ። ከ200 ዲግሪ በላይ በሆነ ማድረቂያ ለሰዓታት ይደር፤ ከዚያ ቀስ እያልክ ከቅልጡ በላይ አሙቀው፤ ቀጥሎ አስገባው። ከላይም መተንፈሻ ቀዳዳ ይኑረው። ሁለቱም ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ፈንጂ ነው።

ምድጃ_ዳር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቱቦዎቹ የሚያድሩት በሲሚንቶ ወለል ላይ ነበር፤ ዛሬውኑ ሁሉንም አንሥቼ ማድረቂያ ውስጥ አስገብቻለሁ።

ሞገድ_ቆጣሪ፣ ፋይበሩ ወለሉን እንዲነካ ያደረግኩት በቀረበ መጠን እውነቱን ያያል ብዬ ነው። ወደ ላይ ባነሣው ከምን ያህል ርቀት ማየት ይችላል?

ሞገድ_ቆጣሪ

ፋይበርህ ብርሃን የሚቀበለው ከመሐል ወደ ጎን 16 ዲግሪ ያህል በሚከፈት ሾጣጣ ነው። የቱቦህ የውስጥ ስፋት 15 ሚሊሜትር ነው እንበል፤ ጫፉን ከወለሉ 26 ሚሊሜትር ብቻ ስታርቀው ሾጣጣው ግድግዳውን ይነካል። ቅልጡ ውስጥ የጠለቀው ግድግዳ እኩል የጋለ ስለሆነ እሱን ማየቱ ችግር የለውም፤ እንዲያውም የተዘጋው ቱቦ እንደ ፍጹም ጥቁር አካል (በሙቀቱ ልክ የሚቻለውን ጨረር ሁሉ እንደሚለቅ ነገር) እንዲያበራ ያግዘዋል። ችግሩ የሚመጣው ጫፉ ከስላጉ በላይ ሲወጣ ነው። ያኔ ከሚያየው አብዛኛው ቀዝቃዛው ግድግዳ ይሆናል፤ ንባቡም ይወርዳል። መፍትሔው ጫፉ ላይ ትንሽ ሌንስ ገጥሞ ዕይታውን ማጥበብና ወለሉ ላይ ብቻ ማነጣጠር ነው። እንዲህ ሲሆን ፋይበሩ ከምድጃው ውጭ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፤ የሚነጣበትም ምክንያት አይኖርም።

ክር_አቀባይ

እናንተ ፋይበሩን ለማዳን ትደክማላችሁ። እኔ ደግሞ እንዲያልቅ እፈቅድለታለሁ፤ ከሚያልቅበት ፍጥነት በላይ አዲሱን አቀብላለሁ።

ፋይበሩ የውጭ ስፋቱ 1.3 ሚሊሜትር ግድም በሆነ የማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጥ ተሰክቶ ከጥቅልል ይመጣል። ሞተር ወደ ቅልጡ ይገፋዋል። ቱቦው በ1400 እና በ1450 ዲግሪ መካከል ስለሚቀልጥ እዚያው ይጠፋል፤ የፋይበሩ ጫፍ በብረቱ ተከቦ ይቀራል። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። የቀለጠ ብረት ገጽ የሚለቀው ጨረር ፍጹም ጥቁር አካል ከሚለቀው ከግማሽ በታች ነው፤ ከሩቅ በፓይሮሜትር (ጨረሩን አይቶ ሙቀት በሚለካ መሣሪያ) የሚለካ ሰው በዚህ ይቸገራል። በብረት የተከበበ ጫፍ ግን በዙሪያው ሁሉ እኩል የጋለ ነገር ስለሚያይ ያ ችግር የለበትም። ንባቡ በቅጽበት ይወጣል፣ ለጥቂት ጊዜ ሜዳ ይሆናል፣ ከዚያ ጫፉ ሲነጣ ይወርዳል። የምቀበለው ሜዳውን ብቻ ነው።

ጥበቃ አያስፈልገውም ማለቴ ግን አይደለም፤ የሚጠበቀው ከቅልጡ በላይ ያለው ክፍል ነው። ተራው የአክሪሌት ቅብ ከ85 ዲግሪ በላይ አይችልም። ሲቃጠል ጋዝ ይሆንና በጠባቡ ቱቦ ወደ ላይ ይገፋል፤ ጥቀርሻውም ፋይበሩ ላይ ይቀራል። እስከ 300 ዲግሪ ግድም የሚችል የፖሊይሚድ ቅብ ይሻላል። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር መንሳፈፉ ነው። የሲሊካ እፍጋት 2.2፣ የቀለጠ ብረት 7 ነው። ቱቦው ለስልሶ ጉልበቱን ሲያጣ ፋይበሩ ጎብጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥልቀት ላይ የሚለካ መስሎህ የስላጉን ሥር ትለካለህ። ለዚህ ነው ቀጭኑን ቱቦ ከወፈር ባለ ሌላ ቱቦ ውስጥ አድርጌ በመካከላቸው ሙቀት የማያስተላልፍ ሙሌት የምጨምረው። ሳይጎብጥ ስላጉን አልፎ ይጠልቃል።

ምድጃ_ዳር

ዘዴው ማረከኝ፤ ነገር ግን አንዱ ማቅለጥ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ያን ሁሉ ጊዜ የሚበቃ ጥቅልል አላገኝም።

ክር_አቀባይ

ሳታቋርጥ አትግፋው። በየጥቂት ደቂቃው ጥቂት ሴንቲሜትር አስገብተህ ታቆማለህ። ያም ሆኖ በሰዓታት ለሚቆጠር ሥራ የጋሼ ቱቦ ይበልጥ ይስማማሃል፤ የእኔው ፈጣን መልስ ለሚፈለግበት፣ ለምሳሌ ብረቱ ወደ ማፍሰሻው ባልዲ ሲገለበጥ ነው።

ሰንፔር

ስለ ሰንፔር ማንም አለማንሣቱ ገርሞኛል። ሰንፔር ማለት ነጠላ ክሪስታል አሉሚና ነው፤ የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ በላይ ነው። ከመጀመሪያውም ክሪስታል ስለሆነ እንደ ሲሊካ የሚነጣበት ምክንያት የለም። በላቦራቶሪ ምድጃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ሆኖም ሁለት ነገሮች አስተምረውኛል። የሰንፔር ፋይበር ልባስ የለውም፤ ብርሃኑን ይዞ የሚሄደው ራቁት ገጹ ነው። ጥቀርሻ ቢያርፍበት፣ እንፋሎት ረግቶ ቢለጠፍበት፣ ወይም መያዣ ቢደገፍበት፣ በተነካበት ቦታ ሁሉ ብርሃን ይፈስበታል። ሁለተኛው አለመታጠፉ ነው። ስለዚህ 40 ሴንቲሜትር ያህል ቀጥ ያለ ዘንግ ብቻ ሙቀቱ ውስጥ አስቀምጬ፣ ከዚያ በላይ በቀዝቃዛው ቦታ ከሲሊካ ፋይበር ጋር አገናኘዋለሁ። ደግሞም ጋሼ እንዳሉት ስላግ አሉሚናን ያሟሟልና ሰንፔርም ያው አሉሚና ነው፤ ያለ ቱቦ አይገባም።

ሁለት_ቀለም

ለምን በሁለት የሞገድ ርዝመት ለክታችሁ የሁለቱን ጥምርታ አትወስዱም? ጫፉ ቢጨልም ከሁለቱም እኩል ስለሚቀንስ ጥምርታው አይነካም። ለእኔ ጥያቄው እዚያ ላይ ያበቃል።

ሞገድ_ቆጣሪ

እኩል ከቀነሰ ትክክል ነህ። እዚህ ግን እኩል አይቀንስም። የነጣ ጫፍ አጭሩንና ረጅሙን ሞገድ በተለያየ መጠን ይበትናል። ከጋለ ብረትና ከእርጥበት የሚወጣው ሃይድሮጂን ደግሞ ሲሊካው ውስጥ ሰርጎ በ1240 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይመጥጣል፤ ከሲሊካው ኦክስጅን ጋር ሲጣመር በ1380 አካባቢ ይመጥጣል። ከሁለቱ ሞገዶችህ አንዱ እዚያ ሰፈር ከወደቀ ጥምርታህ በየቀኑ ይንሸራተታል።

ስሌቱንም አብረን እንየው። 0.9 እና 1.05 ማይክሮሜትርን ብትመርጥ፣ ጥምርታው በ1 በመቶ ሲዛባ ስህተቱ በ1600 ዲግሪ ላይ 15 ዲግሪ ይሆናል። በ1.55 ብቻ ለሚለካው ያው 1 በመቶ 4 ዲግሪ ነው ብለናል። ጥምርታ እኩል የሆነውን ጉድለት ይሰርዛል፤ እኩል ያልሆነውን ግን ያባዛል።

የአሉሚኒየሟ

ይቅርታ፣ ከመሐል ገባሁ። እኔ የምለካው 720 ዲግሪ ላይ ያለ አሉሚኒየም ነው፤ የኳርትዝ ቱቦ ነበረኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጠቁሮ፣ እንደ ከሰል ተሰባብሮ ወጣ። ሙቀቱ ያን ያህል አይደለም፤ ታዲያ ምን ነካው?

አሮጌው_ቀላጭ

እህቴ፣ ሙቀቱ አይደለም የበላው። አሉሚኒየም ኦክስጅንን ከሲሊከን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ከኳርትዙ ኦክስጅኑን ነጥቆ ሲሊከኑን ይለቀዋል። ጥቁሩ ከዚያ የመጣ ነው። በብረት ቱቦ እለውጠዋለሁ ብለሽ እንዳታስቢ፤ ብረትም በቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥ ይሟሟል፣ ቅልጡንም ያበላሽብሻል። የሲሊከን ናይትራይድ ወይም የሲያሎን ቱቦ ተጠቀሚ፤ አሉሚኒየም አይጣበቅባቸውም። የግድ ብረት ከሆነ ቦሮን ናይትራይድ ደጋግመሽ ቀቢው፤ ቅቡ በተላጠ ቀን አውጪው።

ሞገድ_ቆጣሪ

እዚህ ላይ አንድ ልጨምር። በ720 ዲግሪ ጨረሩ የሚበረታው 2.9 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። በ0.9 የሚያነብ ተቀባይ ካለሽ የሚደርሰው ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው፤ 1.55 ወይም ከዚያ ትንሽ የረዘመ ይሁን።

ጥብቅ_ልኬት

በሁለት ጫፍ አጥብቃችሁ የምታስሩ ሁሉ ይህን አስሉ። የማይዝግ ብረት በአንድ ዲግሪ በሚሊዮን 17 ያህል ይረዝማል፤ ሲሊካ 0.55 ብቻ። አንድ ሜትር ቱቦ በ500 ዲግሪ ሲሞቅ 8.5 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ውስጡ ያለው ፋይበር 0.3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ትርፍ ርዝመት ካልተተወለት ቱቦው ይለጥጠዋል። አንዱን ጫፍ እሰሩ፣ ሌላውን ልቀቁት።

በፋይበሩ ላይ ግሬቲንግ (አንድን የሞገድ ርዝመት ብቻ መልሶ የሚያንጸባርቅ የመስመሮች ረድፍ) ጽፈው ለሚለኩ ይህ ይብሳል። በ1550 ናኖሜትር አካባቢ አንድ ዲግሪ የሚያንጸባርቀውን ሞገድ 10 ፒኮሜትር ያህል ያንቀሳቅሰዋል፤ በሚሊዮን 8 ብቻ መለጠጥም ያንኑ ያህል ያንቀሳቅሰዋል። መለጠጡን እንደ ሙቀት ያነበዋል ማለት ነው። ተራው ግሬቲንግ ራሱ በጥቂት መቶ ዲግሪዎች መደምሰስ ስለሚጀምር ቦታው ቅልጡ ውስጥ ሳይሆን ቅልጡን በሚይዘው የመዳብ ቅርጽ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ እዚያም በጠባብ ቱቦ ውስጥ ላላ ብሎ።

ምድጃ_ዳር (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ቃል በገባሁት መሠረት ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

የውጩ ቱቦ አሉሚና ግራፋይት ሆነ፤ በስላጉ ከፍታ ላይ የዚርኮኒያ ግራፋይት ቀለበት አለው። በውስጡ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጫፉ የተዘጋ የአሉሚና ቱቦ ገብቷል፤ ከግራፋይቱ ማጣበቂያ የሚወጣው ጭስ ወደ ዕይታው እንዳይገባ። ፋይበሩ ከምድጃው በላይ፣ ከትንሽ ሌንስ ኋላ ተቀምጧል። በውስጠኛው ቱቦ ቀጭን የአርጎን ፍሰት ያልፋል። መጀመሪያ አርጎኑን አብዝቼ ወለሉን አቀዝቅዤው ነበር፤ አሁን ሌንሱን ለመጠበቅ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው።

ጋሼ ስለ መያዣው ያሉት በመጀመሪያው ቀን ደረሰ። ቱቦውን ያቀፈው የብረት ቀለበት ከቅልጡ በላይ ሆኖ ሳለ ቀልቶ አየሁት፤ ያጋለው የጥምጥሙ መስክ ነው። በሴራሚክ ለወጥኩት።

ከሦስተኛው ሙከራ ጀምሮ አራት ሰዓት ይቆያል፤ ከቴርሞካፕሉ የሚለየው ቢበዛ በ5 ዲግሪ ነው። ዋጋ የከፈልኩት በፍጥነት ነው፤ ግድግዳው ስለወፈረ የሙቀት ለውጥ እስኪሰማው ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ለእኛ ሥራ ይህ ይበቃል።

አንድ ጠዋት ግን ቴርሞካፕሉ 1619 ሲል የእኔው 1608 አለ። የአርጎኑ ጠርሙስ አልቆ ነበር። ሌንሱን ፈትቼ ወደ ብርሃን ሳነሣው ከጠርዙ ላይ ስስ ቡናማ ጭጋግ አለ። ጠረግኩት፤ ንባቡ ተመለሰ። ቴርሞካፕል በግማሽ ሰዓት አንድ ጊዜ ባንነክር ኖሮ አላውቅም ነበር፤ ሥጋቴም እሱ ነው።

ሞገድ_ቆጣሪ

በጣም ደስ ብሎኛል። ለሥጋትህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከዚያው ፋይበር ብርሃኑን ከፍለህ በ0.9 ማይክሮሜትር የሚያነብ ሁለተኛ ተቀባይ አስገባ። ጥምርታውን አትውሰድ፤ ሁለቱንም ለየብቻ ወደ ሙቀት ቀይረህ ጎን ለጎን አሳያቸው። ሌንሱ ንጹሕ ሲሆን አንድ ቁጥር ይላሉ። 10 በመቶ ብርሃን ሲጠፋ የ1.55ቱ 39፣ የ0.9ኙ 23 ዲግሪ ይወርዳል፤ በመካከላቸው 16 ዲግሪ ይከፈታል። ምድጃው በእውነት ሲቀዘቅዝ ግን አብረው ይወርዳሉ። ሲለያዩ ካየህ ኃይሉን አትንካ፤ ወደ ሌንሱ ሂድ።

ምድጃ_ዳር

ተቀባዩ መጋዘን ውስጥ አለ። ቅዳሜ የምድጃው ሽፋን ሲታደስ ሥራ ስለሚቆም ያኔ እገጥመዋለሁ። ጋሼ፣ ቱቦዎቹ ከማድረቂያው የሚወጡት በሥራ ሰዓት ብቻ ነው፤ ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው።

አሮጌው_ቀላጭ

ቁልፉን ለተተኪህም አሳየው፤ አንተ በማትኖርበት ፈረቃ የሚነክረው እሱ ነው።